ዘይቱን አሳየኝ

እህቶቼ፣ በዚህ መጽሔት ላይ ስለ ደመወዝ፣ ስለ ፓስፖርት፣ ስለ ናፍቆት የጻፋችሁትን እያነበብኩ ብዙ አልቅሻለሁ፣ ብዙም ተምሬያለሁ። እኔ ዛሬ የምጽፍላችሁ ግን ስለ ሞተር ሳይክል ነው። አትሳቁብኝ። እሱም ቢሆን ስለ ሞተር ሙቀት ብቻ ነው። «የቤት ሠራተኛ ስለ ሞተር ምን አገባት?» የምትል ካለች፣ ይህንኑ ቃል መጀመሪያ የነገረኝ የገዛ ወንድሜ ነው። ታሪኩም ከእሱ ይጀምራል።

የኮምቦልቻ አካባቢ ልጅ ነኝ። 10ኛ ክፍል ተፈትኜ ነጥብ አልመጣልኝ ሲል በፈረንጆቹ 2019 መጀመሪያ ላይ ቤሩት መጣሁ። ታናሽ ወንድሜ ያኔ ገና ልጅ ነበር። አድጎ ሥራ ሲያጣ እሱም እንደ ሰፈራችን ልጆች «በጅቡቲ አድርጌ፣ የመንን አቋርጬ ሳዑዲ እገባለሁ» ማለት ጀመረ። እናቴ ይህን ስትሰማ እህል አይወርድላትም። የዚያን ባሕር ነገር እናንተም ታውቁታላችሁ። «ባሕር ከሚበላው ሞተር ልግዛለት» አልኩ። ደመወዜ በወር 200 ዶላር ነው። ለእናቴ ከምልከው የተረፈውን በሁለት ዓመት አጠራቅሜ፣ የ8 ወር ደመወዜን የሚያህል ገንዘብ ላክሁ።

ሞተሩ ተገዛ። የሕንድ ሥሪት፣ 150 ሲሲ። ወንድሜ ፎቶ ሲልክልኝ ወንበሩ ላይ ያለውን ፕላስቲክ እንኳን አልቀደደውም ነበር። ሥራው ከኮምቦልቻ ወደ ገጠር ቀበሌዎች ሰው ማመላለስ ነው። በገበያ ቀን ሰውም፣ ጤፍም፣ ዶሮም ይጭናል። አንዳንዴ እስከ ደሴ ይወጣል። ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ቅርብ ይመስላል። ግን ኮምቦልቻ ከባሕር ጠለል በላይ 1,850 ሜትር አካባቢ ላይ ስትሆን ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ዳገቱን በመኪና የወጣ ያውቀዋል። ሁለት ሰው ጭኖ በትንሽ ሞተር ለሚወጣው ደግሞ አስቡት።

በሰባተኛው ወር አንድ ማታ ስልኬ ጠራ። ሳህን እያጠብኩ ነበር።

«እታለም፣ ሞተሩ ነከሰ» አለኝ።

መጀመሪያ አልገባኝም። ውሻ ነው እንዴ የሚነክሰው? በኋላ ነው ያስረዳኝ። ሞተሩ ከልክ በላይ ሲግል ፒስተኑ ያብጣል። በፒስተኑና በሲሊንደሩ መካከል ያለው ዘይት ሲያልቅ ደግሞ ብረት ከብረት ይፋተጋል። ከዚያ ፒስተኑ እዚያው ተጣብቆ ይቀራል። እሱም ዳገቱ መሀል ላይ ተሳፋሪውን አውርዶ፣ ሞተሩን እየገፋ ነው የተመለሰው። መካኒኩ ከፍቶ ሲያየው የወጣው ዘይት አንድ ስኒ አይሞላም አለ። እሱም እንደ ሬንጅ ጠቁሯል። ፒስተን፣ ፋሻ፣ ሲሊንደር፣ ሁሉም ይቀየር ተባለ። ሌላ የሁለት ወር ደመወዝ ማለት ነው።

ያን ቀን የተናገርኩትን ባልተናገርኩት እላለሁ። «የእኔን ላብ ነው ያቃጠልከው» አልኩት። ስልኩን ዘጋው። ከዚያ ሦስት ሳምንት ድምፁን አልሰማሁም። እናቴ ናት የምታወራኝ። «አብሽሪ ልጄ፣ ብረት ነው፣ ሰው አልሞተም» አለችኝ። ትንሽ ዝም ብላ ግን «ልጁ ስለ ሳዑዲ እንደገና እያወራ ነው» አለች። ያን ሌሊት አልተኛሁም። የሁለት ወሩን ገንዘብ ተበድሬ ላክሁ። ሞተሩ ተሠራ። እኔ ግን ፍርሃቴ አልለቀቀኝም፣ ነገ ደግሞ ቢነክስስ?

አሁን ወደ ቤሩት ልመልሳችሁ። ያለሁበት ቤት ሁለት ሽማግሎች ብቻ ናቸው፣ ባባና ማማ። ባባ ጡረተኛ ናቸው፣ ሰባን አልፈዋል። ከሕንጻው ሥር ባለው ጋራዥ ውስጥ የሚወዱት አንድ ትልቅ ሞተር አላቸው። ቢኤምደብልዩ አር 1100 አርቲ ይባላል። ረጅም መንገድ ለመጓዝ የተሠራ ነው። ፊት ለፊቱ ትልቅ መስታወት፣ ጎንና ጎኑ ሻንጣ አለው። ሁለቱ ሲሊንደሮች እንደ ሰው ክርን ግራና ቀኝ ወጣ ብለዋል። መጀመሪያ ሳየው ትንሽ መኪና ነበር የመሰለኝ።

እኔ ስመጣ 1 ዶላር 1,500 ሊራ ነበር። ዛሬ 89,500 ነው። የባባ ገንዘብ እንደ ብዙ ሰው ገንዘብ ባንክ ውስጥ ተቆልፎ ቀረ። መካኒኩ ደግሞ በዶላር ካልተከፈለው ቁልፍ አያነሳም። ስለዚህ ባባ በእርጅናቸው መጽሐፉን ገልጠው ሞተሩን ራሳቸው መጠገን ጀመሩ። ዓይናቸው ግን ደከም ብሏል፣ እጃቸውም ይንቀጠቀጣል። አንድ ቀን «ልጄ፣ ነይ ባትሪውን ያዢልኝ» ብለው ጠሩኝ። እኔ ደግሞ ሥራ ተቋርጦልኝ ቁጭ ማለቴን እንጂ ሌላ አላሰብኩም።

ከሞተሩ በስተግራ በኩል ታች ትንሽ ክብ መስታወት አለች። ባባ ጎንበስ ብለው በጣታቸው እያሳዩ «ዘይት፣ ዘይት!» አሉኝ። ዐረብኛውም አማርኛውም አንድ ሆነብኝና ሳቅሁ። ስድስት ዓመት ሙሉ በዐረብኛ ስታዘዝ፣ ሳልተረጉመው በቀጥታ የገባኝ ቃል እሱ ሳይሆን አይቀርም። መስታወቷ ውስጥ ዘይቱ እስከ መሀል ድረስ ይታያል። «እዚህ መሀል ላይ ካለ ሰላም ነው። ከታች ከሆነ ሞተሩ ተጠምቷል» አሉኝ።

ሲያስረዱኝ የገባኝ እንዲህ ነው። የመኪና ሞተርና ብዙው አዲስ ትልቅ ሞተር ሳይክል በውሃ ይቀዘቅዛል፣ ራዲያተር አለው። የባባ ሞተር ግን ውሃ የለውም። የሚያቀዝቀው አየርና ዘይት ነው። ሲሊንደሩ ላይ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የተደረደሩት ብረቶች ለጌጥ አይደሉም። ሙቀቱ በእነሱ ላይ ይሰራጭና የሚነፍሰው አየር ይወስደዋል። አየር የማይደርስበትን የውስጡን ሙቀት ደግሞ ዘይቱ ተሸክሞ ያወጣል። ፊት ለፊት ትንሽ ራዲያተር የምትመስል የዘይት ማቀዝቀዣ አለች፣ ዘይቱ በእሷ ውስጥ አልፎ በርዶ ይመለሳል። እኔ ዘይት ብረት እንዳይፋተግ ብቻ የሚጨመር ይመስለኝ ነበር። ለካ ዘይት ውሃ ቀጂም ነው። ቀጂዋ ስታንስ ቤቱ ይቃጠላል።

ያኔ የወንድሜ ሞተር ትዝ አለኝ። እሱም ውሃ የለውም። አየርና ዘይት ብቻ። አንድ ስኒ ዘይት ይዞ የደሴን ዳገት ሲወጣ ታየኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ባባ ሳይጠሩኝም እወርድ ጀመር። ማማ «ምን አላት ይቺ ልጅ?» ትላለች።

አንድ ቀን ባባ ሞተሩን ባለበት አስነስተው ሚኒሞውን ሊያስተካክሉ ፈለጉ። መጀመሪያ ግን «ሳሎን ያለውን ማራገቢያ አምጪ» አሉኝ። ትልቁን ባለ እግር ማራገቢያ ተሸክሜ ወረድኩ፣ ከሞተሩ ፊት አቆምነው። ለምን? በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተር ቆሞ ሲነሳ ነፋስ የለውም። መንገድ ላይ ነፋሱን የሚያገኘው በመሄዱ ነው። ቆሞ ሚኒሞ ላይ ከቆየ እሳቱ ይነዳል፣ የሚወስደው ግን የለም። ገና አምስት ደቂቃ ሳይሞላን መብራት ጠፋ። የቤሩትን መብራት ታውቁታላችሁ። ባባ ወዲያው ሞተሩን አጠፉ። «መብራት እስኪመጣ እኛም ቡና እንጠጣ» አሉ። እሳቸው ላይ መቸኮል የለም። ሁልጊዜ «ሹዌ ሹዌ» ነው ነገራቸው።

ሌላ ቀን ደግሞ ከዳህር ኤል በይዳር ተመልሰው ተቆጡ። ዳህር ኤል በይዳር ወደ ደማስቆ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለ ተራራ ነው፣ 1,500 ሜትር ገደማ ይሆናል። ሞተራቸው ላይ የዘይቱን ሙቀት በመስመር የሚያሳይ ነገር አለ። በደህናው ጊዜ አምስት መስመር ላይ ይቆማል። ያን ቀን ስምንት ደረሰ አሉ። «ማቀዝቀዣው ሳይበላሽ አይቀርም፣ አዲስ መግዛት ደግሞ አልችልም» ብለው ተከዙ። እኔ ጎንበስ ብዬ ባትሪ አበራሁበት። ምን ልበላችሁ፣ በቀጭኖቹ ጥርሶች መካከል የሞተ ትንኝ፣ የወፍ ላባ፣ አቧራና ዘይት ተጋግሮ እንደ ምንጣፍ ሆኗል። አየር የሚያልፍበት የለም።

ማጽዳት ደግሞ የእኔ ሥራ ነው። የድሮ የጥርስ ብሩሽና የሳህን ሳሙና አመጣሁ። ባባ በጉልበት ውሃ እንዳልረጭበት ከለከሉኝ፣ ጥርሶቹ ስስ ስለሆኑ ይጣመማሉ። ከሞተሩ መብረድ በኋላ ለስለስ አድርጌ፣ ከላይ ወደ ታች፣ አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀብኝ። የሲሊንደሩንም ጥርሶች እንዲሁ አደረግሁ። በሚቀጥለው እሑድ ባባ ተራራውን ወጥተው ሲመለሱ አምስት ጣታቸውን ዘርግተው እያሳዩኝ ገቡ። አምስት መስመር! ለማማ «ከመካኒኩ ትበልጣለች» ብለው ነገሯት። ያስወጣው ገንዘብ የአንድ ብሩሽ እንኳን አይሆንም፣ አሮጌ ነበራ።

ያን ለት ነው ስለ ወንድሜ የነገርኳቸው። ሞተሩ እንደነከሰ፣ እንዴት እንደተናገርኩት፣ ስለ ባሕሩም። ባባ ሰምተው ሲጨርሱ ሁለት ጥያቄ ጠየቁኝ።

«ወንድምሽ ዘይቱን በስንት ቀኑ ያየዋል?»

«አላውቅም።»

«አንቺስ ለዘይት ብለሽ ስንት ትልኪያለሽ?»

ዝም አልኩ። ለዘይት ብዬ ልኬ አላውቅም። እንደውም ሞተሩ ሲገዛ ከሚያገኘው ላይ በየሳምንቱ ለዕቁብ ይሄን ያህል፣ ለእናታችን ይሄን ያህል፣ ለቤት መሥሪያ ይሄን ያህል ብዬ ያከፋፈልኩት እኔ ነኝ። ለሞተሩ የሚል ቦታ በዝርዝሬ ውስጥ አልነበረም። ብረት ስለሆነ አይበላም ብዬ ነው መሰለኝ።

ማታ ለወንድሜ የድምፅ መልእክት ላክሁለት። ዘይት፣ ጥርስ፣ ማራገቢያ፣ ሁሉንም ዘረገፍኩት። መልሱ አጭር ነበር። «እታለም፣ የሰው ቤት እየጠረግሽ ስለ ሞተር ምን ታውቂያለሽ?» አዎ፣ አመመኝ። ግን አልተውኩትም። የባባን ሞተር መስታወት ፎቶ አንስቼ ላክሁለትና «የአንተንም ዘይት አሳየኝ» አልኩት። ሁለት ቀን ዝም። በሦስተኛው ቀን ፎቶው መጣ። ዘይቱ ከመለኪያው በታች ነው። ከፎቶው ሥር ደግሞ ድምፅ ነበር።

«እታለም፣ እንዳትቆጪ። ድሮም ዘይቱ እንዳነሰ አውቅ ነበር። ግን የዕቁቡ ቀን ይደርሳል። ዕቁብ ሳልጥል ብቀር ሰነፍ ነው ትይኛለሽ ብዬ ‹በሚቀጥለው ሳምንት እጨምራለሁ› እያልኩ ነው» አለኝ።

እህቶቼ፣ እዚህ ላይ ነው ያለቀስኩት። ላቤን ያቃጠለው እሱ ብቻ አልነበረም፣ እኔም አብሬ አቃጥያለሁ። ደውዬ ይቅርታ ጠየቅሁት። እሱም አለቀሰ። ከዚያ ቁጭ ብለን እንደገና አከፋፈልነው። ከሚያገኘው ላይ መጀመሪያ ለሞተሩ ይነሳል። ከዚያ ለእናታችን፣ ከዚያ ዕቁብ። የዕቁቡን መጠን ዝቅ አደረግነው። በቀን 100 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል፣ በወር 3,000 ይሆናል። ስለዚህ ዘይቱን በየወሩ ሙሉ በሙሉ ይቀይራል። አንድ ሊትር ገደማ ነው የሚፈጀው። ከአንድ ሲሊንደር ዋጋ ጋር ሲተያይ ምንም ማለት አይደለም።

ነገሩ ግን በዚህ አላለቀም። ዘይቱ ሞልቶ፣ ጭቃው ታጥቦ፣ ሞተሩ ዳገት ላይ አሁንም ይግላል አለኝ። ጉልበቱም ይቀንሳል። ለባባ ነገርኳቸው። «ካንዴላውን ፈቶ ፎቶ ይላክ» አሉ። ካንዴላ ሐኪም ምላስ አውጡ እንደሚለው ነው። ጫፉ የማኪያቶ ቀለም ከያዘ ሞተሩ ጤነኛ ነው። ጥቀርሻ ከሆነ ቤንዚን በዝቶበታል። እንደ አመድ ከነጣ ደግሞ ቤንዚኑ አንሶ አየሩ በዝቷል፣ እንዲህ ሲሆን እሳቱ ይብሳል። የወንድሜ ካንዴላ ነጭ ነበር።

ባባ ፎቶውን ዓይናቸው ሥር አስጠግተው አዩና «አየር የሚሰርቅበት ቦታ አለ» አሉ። ካርቡራተሩን ከሞተሩ ጋር የምታገናኝ ጎማ አለች። ስትደርቅ ትሰነጠቃለች፣ በስንጥቋ ያልተፈለገ አየር ይገባል። መፈተኛው ነፃ ነው። ጠዋት ሞተሩ ገና ቀዝቃዛ ሳለ አስነስቶ፣ ጎማዋ ላይ ትንሽ ውሃ እፍ ማድረግ። የሞተሩ ድምፅ ወዲያው ከተለወጠ ስንጥቅ አለ። ወንድሜ እያደረገው በቪዲዮ አየሁት። ውሃው እንደነካው ሞተሩ ድምፁን ቀየረ። ጎማዋ ስትፈታ ከሥሯ ጥፍር የሚያስገባ ስንጥቅ ተገኘ። አዲሷ ጎማ የአንድ ቀን ገቢውን እንኳን አልጨረሰችም። ከሳምንት በኋላ ካንዴላው ቡናማ ሆኖ መጣ። እኔም ፎቶውን ለባባ፣ ባባም ለማማ አሳዩ። በቤቱ ውስጥ ዕልልታ ብቻ ነው የቀረው።

ምናልባት ያቺ ጎማ መጀመሪያም ተሰንጥቃ ይሆናል። ምናልባት የመጀመሪያውን ሞተር ያቃጠለው የእሱ ስንፍና ብቻ አልነበረም። ይህን ለወንድሜ ስነግረው «ተይው እታለም፣ አልፏል» አለኝ። ስለ ሳዑዲ ግን ከዚያ ወዲህ አንስቶ አያውቅም።

ከእናንተ መካከል ለወንድም፣ ለባል ወይም ለልጅ ሞተር የገዛችሁ ወይም ልትገዙ የምታስቡ ብዙ እንደሆናችሁ አውቃለሁ። ስለዚህ በብዙ ገንዘብ የተማርኩትን በነፃ ውሰዱት።

አንደኛ፣ ዘይት። በሳምንት አንድ ቀን «ዘይቱን አሳየኝ» በሉ። አንዳንዱ ሞተር መስታወት አለው፣ አንዳንዱ ክዳኑ ላይ መለኪያ አለው። ሞተሩ ቀጥ ብሎ፣ ከጠፋ ጥቂት ደቂቃ በኋላ ይታይ። ዘይቱ የሞተር ሳይክል ይሁን፣ የመኪና አይሁን። የባባ ሞተር ፍሪሲዮን ደረቅ ነው፣ የአብዛኛው ትንሽ ሞተር ፍሪሲዮን ግን ዘይት ውስጥ ነው ያለው። አንዳንድ የመኪና ዘይት ፍሪሲዮኑን ያንሸራትተዋል፣ እሱም ራሱ ሙቀት ነው። ዓይነቱን ከሞተሩ መጽሐፍ ያንብብ። የወንድሜም የባባም 20 ደብልዩ 50 ነው። ማሸጊያው የተከፈተ ዘይት አይግዛ።

ሁለተኛ፣ ጭቃ። በክረምት የሲሊንደሩ ጥርሶች መካከል የሚደርቅ ጭቃ ለሞተሩ ጋቢ ማለት ነው። በአሮጌ ብሩሽ ይጽዳ። ግን ሞተሩ ግሎ ሳለ ቀዝቃዛ ውሃ አይደፋበት። ቴስታታው ሊጣመም ወይም ሊሰነጠቅ ይችላል። የጋለ ምጣድ ላይ ውሃ የደፋች ታውቀዋለች።

ሦስተኛ፣ ቆሞ አይነሳ። ተሳፋሪ እየጠበቀ ሞተሩን ካስነሳው ቤንዚኑንም ሞተሩንም ይበላል። ያጥፋው።

አራተኛ፣ ዳገት። በከባድ ማርሽ እያስጨነቀ አይውጣ፣ ቀደም ብሎ ማርሽ ይቀንስ። በጣም ከጋለ ጥላ ፈልጎ ያቁም፣ ራሱ ይብረድ። ሦስት ሰው አይጫን። ፍሬኑ እየያዘ፣ ካቴናው ከልክ በላይ ተወጥሮ ከሆነም ሞተሩ ያለ ጥፋቱ ይለፋል።

አምስተኛ፣ የምትሄዱበትን ሞተር እወቁ። ውሃ ያለው ሞተር ከሆነ ሌላ ነው። ራዲያተሩ በቧንቧ ውሃ ብቻ አይሞላ፣ ውስጡን ያዝገዋል። ለዚሁ የተሠራ ፈሳሽ አለ፣ በተጣራ ውሃ ይደባለቃል። ያ ፈሳሽ መርዝ ነው፣ ጣፋጭ ስለሆነ ልጅ እንዳይቀምሰው። ትኩስ ሳለ ክዳኑን የከፈተ ፊቱ ይቃጠላል።

ስድስተኛ፣ ይህ ለእኛ ነው። ሞተር ስትገዙ የመግዣውን ብቻ አትላኩ። የዘይቱንም አስቡ። ከሚያገኘው ላይ ሁሉንም ለቤት አምጣ አትበሉ። የሚያበላችሁን ነገር መጀመሪያ አብሉት።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። ባለፈው ሐምሌ በዚያ ሙቀት ከጠዋት ጀምሮ ልብስ ስተኩስ ባባ በበሩ አለፉ። መብራት የለም፣ ማራገቢያ የለም፣ ካውያው በጄኔሬተር ነው የሚሠራው። ላቤ ልብሱ ላይ ይንጠባጠባል። ቆመው አዩኝና ለማማ «የእኔን ሞተር እንኳን ያለ ነፋስ አምስት ደቂቃ አላስነሳውም» አሏት። ማማ መጀመሪያ ሳቀች። እኔ ግን አልሳቅሁም። «በውሌ ላይ በሳምንት 24 ሰዓት ዕረፍት የሚል አለ፣ እኔ ግን አርፌ አላውቅም» አልኳቸው። ይህን ለመናገር ስድስት ዓመት ፈጅቶብኛል። ያን ቀን ያለ ባባ ሞተር የምናገረው አይመስለኝም። አሁን እሑድ እሑድ ቀኑን ሙሉ የእኔ ነው። ይህንንም ጽሑፍ የጻፍኩት በአራት እሑድ ነው።

ሞተሩ ከተሠራ ከዓመት በላይ ሆኖታል፣ ደሴን እየወጣ እየወረደ ነው። በየሳምንቱ ዓርብ ማታ አንድ ፎቶ ይመጣልኛል። እንደ ድሮው የሚስቅ ፊት ወይም አዲስ ጫማ አይደለም። ዘይት ነው። ባለፈው ዓርብ ከፎቶው ሥር «እታለም፣ አንቺስ ሰሞኑን ዘይትሽ እንዴት ነው?» ብሎ ጻፈልኝ።

«መሀል ላይ ነው» አልኩት።

እናንተም ደህና ሁኑልኝ።

እህታችሁ፣ ከቤሩት